በአንድ እጅ ስለተጻፉት ሁለት ቅጾች

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 12 ቀን

ለተከበሩ የሶላር ወጪ ተመላሽ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለማልችል ነው የምጽፈው፤ ዳቦ ስገዛ እንኳ ስንት እንደምፈልግ በጣቴ ነው የማሳየው። ይህንንም ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ጤናዎ እንደምን ነው? በቢሮዎ መብራት ጠፍቶ ስለማያውቅ ዓይንዎ ደህና እንደሚሆን እገምታለሁ፤ የማራገቢያው ነፋስ ብቻ ወገብዎን እንዳይዝዎ እመኛለሁ።

እኔ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ። የምንኖረውም የምንሠራውም ከዳቦ ቤቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። የእናቴ የስፌት መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን፣ በሰፈራችን ደግሞ መብራት ከምሳ በኋላ ይሄድና ሲመሽ ይመለሳል፤ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ መቶ ሃያ ዩኒፎርም አዞናል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስረከብን ትእዛዙ ለሌላ ይሰጣል፤ እናቴም መኪናዋን ሸጣ ፋብሪካ እንደምትቀጠር ነግራኛለች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው አጎቴ፣ መንግሥት ከወጪው ግማሹን እንደሚመልስ የሚያረጋግጠውን የእናንተን ደብዳቤ ካየ፣ ሶላሩን በማግስቱ በዱቤ ሊገጥምልን ቃል ገብቷል። የጎደለን አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀት ያሉኝን ቅሬታዎች፣ ይቅርታ፣ ያሉኝን ምስጋናዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለዳቦ ቤቱ ስላጸደቃችሁ አመሰግናለሁ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ እትዬ ትኩስ የሚላቸው፣ ቅጹን ያስሞሉት እኔን ነው። «ዓይኔ አልታዘዝ ብሎኛል፣ የአንቺ ጽሕፈት ደግሞ የእናትሽን ስፌት ይመስላል፣ ነይ ሙይልኝ የኔ ልጅ» ስላሉኝ፣ ዱቄት ባረፈበት መደርደሪያ ላይ ተደግፌ አራቱንም ገጽ ሞላሁላቸው። በሦስት ሳምንት ጸደቀላቸው። በመስኮት ቁጥር ሦስት ያሉት ጸሐፊ «ምን ያለ ያማረ ጽሕፈት ነው» ማለታቸውን እትዬ ሲነግሩኝ አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ደስታው ያለቀው ጣሪያቸው ላይ አሥራ ሁለት ፓነል ሲደረደር ነው።

ሁለተኛ፣ ለእኛም ስላደረሳችሁልን ብርሃን አመሰግናለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ዘንበል ሲል ከእትዬ ፓነሎች የሚያንጸባርቀው ብርሃን በመስኮታችን ይገባና ከቆመው መኪና በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ድጋፉ ለሰፈሩ ሁሉ እንደሚዳረስ በማስታወቂያችሁ ላይ ስታስነብቡ ይህን ማለታችሁ እንደሆነ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ሦስተኛው ምስጋና ስለ እትዬ ልጅ ነው። እኩያዬ ናት፤ እናቴን ለመርዳት ትምህርቴን እስካቋረጥኩ ድረስ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። አሁን ክፍሏ ውስጥ ማራገቢያ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ፀጉሯን በማድረቂያ ታደርቃለች። መብራት በሄደ ቁጥር ግድግዳውን ታንኳኳና «እናንተ ጋ ሄደ እንዴ?» ትለኛለች። እንደሄደ ታውቃለች። ይህን የምትለው አስባልኝ ይሁን ልታስቀናኝ አላውቅም፤ ካስቀናችኝ ግን ተሳክቶላታል። የማድረቂያውን ድምፅ ስሰማ ፀጉሯ እንዲቃጠል ተመኝቼ አውቃለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መናገር ግን ነውር አይመስለኝም፣ እናንተ የተነገራችሁን አትሰሙማ።

አራተኛ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ፣ የእናቴንም ቅጽ የሞላሁት እኔው ነኝ፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ ከእትዬ ቅጽ የበለጠ ተጠንቅቄ። መልሳችሁ ባለፈው ዓርብ ደረሰን፤ «የእጅ ጽሑፉ ቀድሞ ከጸደቀው ማመልከቻ ጋር አንድ በመሆኑ፣ አንድ አመልካች ሁለት ጊዜ ሊስተናገድ ስለማይችል ተሰርዟል» ይላል። ሁለት ስም፣ ሁለት ቤት ቁጥር፣ ሁለት ፊርማ፣ የሁለት የተለያዩ ጣሪያዎች ፎቶ ከፊታችሁ ተቀምጦ ሳለ ይህን ሁሉ አልፋችሁ የፊደሎቼን አጣጣል በማጥናታችሁ፣ ስለ ጽሕፈቴ አስተማሪዎቼ እንኳ ያላሳዩትን ትኩረት አሳይታችሁኛልና ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴ ደብዳቤውን አነበበችና አጣጥፋ የልብስ ቁልፍ የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። «ምን ይደረግ፣ ጽሕፈትሽ አምሮ ነው» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አምስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ይሁን በራሴ ላይ መለየት አቅቶኛል። ቅዳሜ ዕለት የእትዬ ልጅ በመስኮታችን አንገቷን አስግጋ፣ እናቷ እንደፈቀዱና ትእዛዙ እስኪያልቅ ከእነሱ ቤት የኤክስቴንሽን ገመድ ልትዘረጋልን እንደምትችል ነገረችኝ። እናቴ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር። እኔም ቀና ሳልል «አንፈልግም፣ የራሳችን ሊገባልን ነው» አልኳት። ገመዱን ጠቅልላ ተመለሰች። እናቴ ይህን እስካሁን አታውቅም። ከዚያ ወዲህ መብራት የሌለባቸው ሦስት ከሰዓት በኋላዎች አልፈዋል፤ ሃያ ዩኒፎርም ያህል ሳይሰፋ ቀርቷል። ሥራ ላይ ያልዋለ ነገር በመዝገብ የምትይዙ ከሆነ የእኔን ኩራት መዝግቡልኝ።

ክቡር ሆይ፣ የማይነበብ ጽሕፈት ላላቸው አመልካቾች ሁሉ መልካም ዕድል እየተመኘሁ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎም እንዳይጎረብጥዎ እየለመንኩ፣ ባልጸደቀችው ጣሪያ ሥር ሆኜ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ከሁለቱ ቅጾች ጋር በአንድ እጅ የተጻፈ ስለሆነ እንደ ሦስተኛ ማመልከቻ ተቆጥሮ እንዳይሰረዝ አደራ። ግልባጩን ነገ ጠዋት በመሥሪያ ቤታችሁ ሰሌዳ ላይ፣ «ለሁሉም ይዳረሳል» ከሚለው ማስታወቂያ ጎን እለጥፈዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ያደረግኩትን ለእናቴ ነግሬ፣ የእትዬን በር አንኳኩቼ ገመዱን እለምናለሁ፤ በጣቴ ሳይሆን በአፌ። ከዚያ ከእናቴ ጋር መስኮት ቁጥር ሦስት እንመጣለን፤ አዲሱን ቅጽ ጸሐፊው ፊት እሷ ራሷ ትሞላዋለች። አንዱ ገጽ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድባት ከኋላችን የሚሰለፉትን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀድሜ ላስታውቅዎ፤ እናቴ ፊደል የቆጠረችው ከእኔ ደብተር ስለሆነ ጽሕፈቷ የእኔን ይመስላል።