እሳት ስላልነበረው የብየዳ ፈተና

ለተከበሩ የሙያ ብቃት ምዘና ጣቢያ ኃላፊ
ጂንካ

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በጠረጴዛዎ ላይ ያሉት ማኅተሞችም እንዴት ከርማችኋል? ጤናዎን አምላክ ይጠብቅልን፣ ወንበርዎንም ያጽናልዎ። እኔ ሚልክያስ ዳርጌ እባላለሁ፤ ከገበያው ዝቅ ብላ በምትገኝ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር፣ መስኮትና የባጃጅ ሻንሲ ስበይድ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ቢሮዎ ድረስ ስድስት ጊዜ መጥቼ ስድስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ከከተማው ሰው አንዱ ካገኘዎት እንዲያደርስልኝ በማለት ይህን ደብዳቤ ግልጽ አድርጌዋለሁ።

ጉዳዬ የአንድ ብረት እግር ጉዳይ ነው። ገዘር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የውሃ ታንከር የሚሸከም የብረት ማማ አለ። ከአራቱ እግሮቹ አንዱን ዝገት ከሥሩ ስለበላው ታንከሩን ባዶ አድርገውታል፤ ተማሪዎቹም ከወንዝ በጄሪካን መቅዳት ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ አስቻለች ማማውን ያቆምኩት እኔ መሆኔን ስለሚያውቁ ራሴ እንድጠግነው ላኩብኝ። ግዢ ክፍሉ ግን የብቃት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው የመንግሥት ብረት ላይ እሳት እንዳያስነካ መመሪያ አለ ሲል ከለከለኝ። እውነቴን ነው፣ በመመሪያው አልተከፋሁም። ልጆች ከሥሩ የሚቆሙበትን ብረት ማንም እየተነሳ እንዲበይደው እኔም አልፈልግም። ስለዚህ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ተመዝግቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ወደ ጣቢያዎ መጣሁ። የተደረገልኝን መስተንግዶ በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. በጽሑፍ ፈተናው ላይ፣ አንድ በያጅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በቅድሚያ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ነበር። እኔም ከልምዴ ተነስቼ፣ መብራት መኖሩን ያያል ብዬ ጻፍኩ። ስህተት ሆነብኝ። ትክክለኛው መልስ የሥራ ቦታውን ያጸዳል የሚለው መሆኑን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ሱቄን እጠርጋለሁ፣ ሱቄም እንደዚህ ጸድታ አታውቅም።

2ኛ. ከሰዓት በኋላ ለተግባር ምዘናው ስንሰለፍ መብራት ጠፋ። ጣቢያው ጄኔሬተር አለው፤ ነዳጁ ግን በግዢ ሂደት ላይ ነው ተባልን። የራሴን ጄኔሬተር በባጃጅ ላምጣ ብዬ ብለምን፣ በንብረት መዝገብ ያልሰፈረ ዕቃ ግቢ እንደማይገባ መዛኙ በትሕትና አስረዱኝ። ሌላ ቀን ይቀጠርልን ብንልም፣ የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት በማግስቱ እንደሚላክና እኛም ተመዝነዋል ከተባሉት ውስጥ አስቀድመን መቆጠራችንን ገለጹልን። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ላያምኑኝ ይችላሉ፤ እኔ ራሴ እዚያው ቆሜ አላመንኩም። አሥራ አንድ ተመዛኞች በየተራ ኤሌክትሮድ ጨብጠን፣ ሁለት ብረት ገጥመን፣ እንደሚበይድ ሰው እጃችንን እያንቀሳቀስን እንድናሳይ ታዘዝን። መዛኙም ቼክሊስታቸውን ይዘው፣ ያልተበየደውን ብረት ጎንበስ ብለው እያዩ ምልክት አደረጉ። ከመካከላችን አንዱ በአፉ እንደ እሳት ድምፅ ያሰማ ነበር፤ እሱ አልፏል። ለአፍ ዳገት የለውም ሲባል እሰማ ነበር፤ ምስክር ወረቀት እንደሚያሰጥ ግን አላውቅም ነበር።

3ኛ. እኔ ወደቅሁ። ምክንያቱም ማስክ ሳላጠልቅ «በመበየዴ» ዓይኔን ለአደጋ ማጋለጤ ነው። ለዓይኔ ስላሰባችሁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። የብየዳ ብርሃን መትቶኝ ድንች እየቆረጥኩ ዓይኔ ላይ በማደርግባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ያዘነልኝ የመንግሥት አካል አላጋጠመኝም። ውጤቴም «ገና ብቁ አይደለም» ይላል። ሃምሳ ዓመት ላለፈው ሰው «ገና» መባል ትልቅ ተስፋ ነው፤ ባለቤቴ መሰረትም ሰምታ ብዙ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ተናድጃለሁ።

4ኛ. የማማው ሥራ በዚያ ቀን አብሮኝ ተመዝኖ ላለፈው ለጸጋአብ ተሰጠ። ጸጋአብ ከኮሌጅ የወጣ ጨዋ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በሳምንቱ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ጋሼ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወፍራም ብረት በይጄ አላውቅም፣ እርስዎ ይበይዱልኝና እኔ ልፈርም አለኝ። እንዲህ ያለው ነገር በከተማችን እየተለመደ መጥቷል፤ አንዱ ወረቀቱን ይዞ ይፈርማል፣ ሌላው ከጀርባው ይበይዳል። ለእሱም፣ ለራሴም፣ ለእርስዎም አፈርኩ። እምቢ አልኩት። ማማው አንድ ቀን ቢወድቅ የሚታሰረው የፈረመው ነውና።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። መብራት ባለበት አንድ ቀን ይጥሩኝና የፈለጉትን ብረት ያቅርቡልኝ። ስጨርስ ትልቅ መዶሻ ይዘው ይምቱት። ከብየዳው ስፌት ላይ ከተሰበረ «ገና» የሚለውን ቃል አውጥተው «መቼም» ብለው ይጻፉልኝ፤ ተቃውሞ የለኝም።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለስድስቱ ስብሰባዎችዎና ለበረኛዎ መልካም ጠባይ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዘመንዎ ሪፖርትዎን ይምሰል።

ዘወትር አክባሪዎና ገና ያልበቃው ተመዛኝዎ
ሚልክያስ ዳርጌ
ጂንካ፣ መጋቢት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከእጄ ሳላወጣው ወይዘሮ አስቻለች ደወሉልኝ። ዝናቡ ስለገባ ወንዙ ሞልቷል፣ ልጆቹን ውሃ መላክ ፈራሁ አሉኝ። ቅዳሜ ዕለት ጄኔሬተሬን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ገዘር ሄድኩ፤ ማማውን በእንጨት ደግፌ፣ የተበላውን እግር ቆርጬ በአዲስ ተካሁት። ጸጋአብም አብሮኝ መጥቶ ብረቱን ሲይዝልኝ ዋለ። አሁን ታንከሩ ሞልቷል፣ ልጆቹም ከቧንቧ ይቀዳሉ። ሥራው ሕገ ወጥ ነው ከተባለ ጥፋተኛውን ፍለጋ አይድከሙ፤ በእኛ በበያጆች ልማድ ስሜንና ስልክ ቁጥሬን እግሩ ላይ በኤሌክትሮድ ጽፌዋለሁ። ቢወድቅ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ስመለስ እርስዎ ለጸጋአብ የሰጡትን ምስክር ወረቀት ተውሼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ማኅተም አለው፣ ፊርማም አለው። የፈረመው ሰው ስም ግን የለበትም።