ዱዳው የግራ ስፒከር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

በዚህ ከተማ ያለ መኪና ሁሉ፣ በደጄ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቼ በሽታውን እናገራለሁ። ደህና… ሁሉም አይደለም። ጋራዣችን የሚመጣውን። ከእሱም አብዛኛውን። ግን "ዶክተር" የሚሉኝ በከንቱ አይደለም።

የማታ ትምህርት መምህርታችን "ፊደል ካልተጠቀሙበት ይዝጋል፣ በየጊዜው የሆነ ነገር ጻፉ" ብላለች። ይኸው ጻፍኩ። ሰው የሚያነበው የለም፣ ለራሴ ነው።

ዛሬ ሽቦ መጣ። የሚስቴ ወንድም ነው፤ በየአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ይገጥማል። በቅጥነቱም በሥራውም ሽቦ አልኩት። ለእህቱ ሁለት ስፒከር ከነአምፕሊፋየሩ አመጣላት። መስኮት የሚያስጨፍረውን አሮጌዬን ነቅሎ አወጣብኝ።

ከፈትነው። ቅጥን ያለ ድምፅ!

"ቤዙ የታለ?"

"ጋሼ፣ እነዚህ የተቀዳውን እንዳለ ነው የሚያወጡት። አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ጆሮህ እስኪለምድ ታገስ።"

"ስፒከር ነው ያመጣኸው ዳኛ?"

ሚስቴ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በራሴ ቀልድ መሳቅ ልማዴ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

የትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ሾፌር ጋራዥ መጣ። "ዶክተር፣ ፍሬን ስይዝ የኋላው ግራ ጎማ ሲጥ ሲጥ ይላል።" ጎኑ ተቀምጬ አንድ ዙር ዞርን። ምንም የለም። "ሲጥ የሚለው ሆድህ ነው፣ ቁርስ ብላ!" አልኩት። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ጎማውን መፍታት አላስፈለገም። እኔ ሰምቼ?

ማታ ፊልም አየን። ሚስቴ አፏን ከፍታ… "ሰማህ? ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ! በግራ በኩል!" "ሰማሁ" አልኳት። የምን ቅጠል? የግራው ስፒከር ዱዳ ነው። ወፍራም ወፍራሙን ይላል፣ ቀጫጭኑን ይውጠዋል። ሽቦ የተበላሸ ዕቃ አስታቀፈን። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቅኳቸው። ወደ ወንበሬ አዞርኳቸው። ቀዩ ገመድ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር… ልክ ነው። ሽቦ ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ የግራውን በቀኙ ቦታ፣ የቀኙን በግራው አድርግ። ችግሩ ከስፒከሩ ጋር ከሄደ ስፒከሩ ነው። እዚያው ከቀረ ገመዱ ወይ አምፕሊፋየሩ ነው።"

አቀያየርኩ። አሁንም በግራ በኩል ያለው ዱዳ። ገመዱን ለወጥኩ። ያው። አምፕሊፋየሩ ላይ ገልብጬ ሰካሁ። ያው! ደከመኝና ወንበሬን ወደ በሩ አዙሬ ዘፍ አልኩ። ዘፈኑ ከጀርባዬ እየዘፈነ።

ያኔ ነው… ዱዳ የነበረው ስፒከር ተናገረ። ሲናገር የነበረው ዱዳ ሆነ።

ወደ ስፒከሮቹ ዞርኩ። ወደ በሩ ዞርኩ። ደግሞ ዞርኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ያሽከረክርሃል?" ሚስቴ ናት።

"እየጨፈርኩ ነው።"

ስፒከሩ ደህና ነው። ገመዱ ደህና ነው። ዱዳው ከእኔ ጋር ነው የሚዞረው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

የእጅ ሰዓቴን በቀኝ ጆሮዬ አስጠጋሁ… ቲክ ቲክ። በግራ… ዝም። አራገፍኩት። ለምን አራግፈዋለሁ? ሰዓቱ ምን አጠፋ?

ሚስቴ ተቆጣች። "ስጠራህ ዝም የምትለኝ ንቀት ነው?" በግራዬ ቆማ ነበር ለካ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ጆሮ የሌለውን መካኒክ ማን ያስጠጋል? አለቃ ቢሰማ… ነገ ውጣ ቢለኝ? ሌላ ምን አውቃለሁ? ፊደል እንኳ ገና አሁን ነው።

ከሰዓት። እጄን እየታጠብኩ ትዝ አለኝ።

ሚኒባሱ!

ምንም የለም ያልኩት… አልሰማሁም እንጂ፣ የለም ማለት ነው እንዴ? ነገ ልጆች ይጭናል። ሾፌሩ ጋ ልደውል? ምን ብዬ? ስልኩን አነሳሁ። አስቀመጥኩ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ቀልድ ፈለግኩ፣ አንድም አልመጣልኝም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሚኒባሱን ደረስኩበት። ልጆቹን ሳይጭን፣ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሲወጣ መኪናው ፊት ቆምኩ።

"ዶክተር! ምን ነካህ?"

"ጎማውን ልፍታው።"

"ደህና ነው አላልከኝም?"

"ግራ ጆሮዬ አይሰማም። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።"

ከት ብሎ ሳቀ። "ደንቆሮ ዶክተር!" ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እዚያው ፈታነው። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነው። መፍቻው ከእጄ ወደቀ።

ለአለቃም ነገርኩት። ሳልነግረው ሌላ ሰው ከሚነግረው…

"ከእንግዲህ በጆሮዬ ሰማሁ የሚባል ነገር የለም። ፈትተህ ታያለህ። ነድቶ የሚሞክረው ሌላ ሰው ነው። ሐኪም ይይህ፣ ከዚያ እናያለን" አለኝ።

"እናያለን" ምን ማለት ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሐኪሟ ነርቩ ነው አለች። የጋራዥ ጩኸት ቀስ በቀስ በልቶታል። አይመለስም። የቀረውን ጠብቅ፣ ስትሠራ ጆሮህን ድፈን አለችኝ። የቀኙስ ቢከተል? አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።

ለሚስቴ ነገርኳት። ማታ ፊልም ስናይ ተነሥታ በቀኜ መጥታ ተቀመጠች። "አሁን ወፍ አለች… አሁን በር ተከፈተ" እያለች ትነግረኛለች።

ጋራዥ "ዶክተር" የሚለኝ ጠፍቷል። ዛሬ አንዱ ደንበኛ "እስቲ ስማልኝ" አለኝ። "ልፍታው" አልኩት። አለቃ በሩቅ ያየኛል። እስካሁን አላባረረኝም።

አንድ ነገር። ሰኞ ሾፌሩ ሳቀ ብዬ ጽፌያለሁ። እኔ የጨመርኩት ነው። አልሳቀም። "ደንቆሮ ዶክተር"ም አላለኝም፣ ጀርባዬንም አልነካኝም። ያለቀውን ሸራ አየው። ከዚያ የመኪናውን በር ከፍቶ የኋላውን ወንበር በመዳፉ ዳበሰ።

"ልጄ እዚህ ነው የምትቀመጠው" አለኝ።