ቀጮ ጀርባዋ ወዴት ነው?

ኩንዲያዋ፣ ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ለእንጆሪ ለቃሚው ባለቤቴ፣ ለካውፓዬ፤

እንዴት ነህ? አንተ በሰው አገር ጎንበስ ብለህ ስትለቅም እየታየኝ ብቻዬን እስቃለሁ። እኛ ደህና ነን። አባትህ ስኳር ድንቹን ሊጨርሱብኝ ነው፤ አሁንማ ከእሳቸው በፊት ሆዳቸው ነው በር የሚገባው።

ትናንት ተፈተንኩ። ካለፍኩ ትምህርት ያመለጣቸውን የመንደራችንን ሴቶች የስፌት መኪና ጥገና አስተምራለሁ፤ ከወደቅኩ ወደ መንገድ ዳር ኦቾሎኒዬ። ወጣቱ አሰልጣኛችን ታው ከወደ ባሕሩ የመጣ ነው፤ የእኛን የተራራ ሰዎቹን ደንብ አያውቅም። ስፌት የምትዘል መኪና አምጥቶ፣ "የትኛው ዕቃ ነው ያጠፋው? ስሙን ጥሪ" አለኝ።

አየህ ጉዴን! ያቺ ጨርቅ የምትወጋው ባለ ዓይን ቀጭን ብረት እዚህ የምትጠራበት ስም የአባትህም ስም አይደል? ምራት የአማቷን ስም ትጥራ? እዚህም አልጽፈውም፤ አንተው ሙላው።

"አልጠራም" አልኩት።

"አታውቂውም ማለት ነው።"

"አውቃለሁ፤ ግን አልጠራም!"

ሊጥለኝ እስክሪብቶውን አነሳ። ፈተናውን ሊያዩ የመጡት የመንደራችን ሴቶችም የአባትህ ጎሳ ምራቶች ናቸው፤ እነሱም ስሙን አይጠሩም። ዞር አልኩና ብረቷን እያሳየሁ፣ ለቅጥነቷ ስም አውጥቼላት፣ "እናንተ፣ የዚች ቀጮ ጠፍጣፋ ጀርባ ወዴት ነው?" አልኳቸው።

"ወደ ግራ!"

"መሆን ያለበትስ?"

"ወደ ቀኝ!"

እርሳስ ይዛ የማታውቀው ሞሮ ተነስታ ብሎኗን አላላች፣ ቀጮን አዞረች፣ ወደ ላይ ገፍታ አጠበቀቻት። መኪናዋ ትርርር! አንድም አልዘለለች።

ታው ግን ድርቅ አለ፤ "ቀጮ የሚባል ዕቃ የለም!"

ለካ አባትህ በመስኮት ቆመው ያያሉ። ታው ብረቷን በጣቱ እያሳየ፣ "አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ ይቺ ማን ትባላለች?"

"እኔ ነኛ!"

ታው አንዴ ብረቷን፣ አንዴ የአባትህን ሆድ አየ። ከዚያማ ለምን እንዳልጠራሁት ገብቶት ሳቁ መቆሚያ አጣ። አለፍኩ ካውፓዬ! የአስተማሪ ባል ሆነሃል፤ አንገትህን ቀና አድርግ።

ችግሩ፣ አባትህ "ቀጮ" የሚለውን ወደዱት። "በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ይሄ ነው" ብለው መንደሩን ሲዞሩ ዋሉ፤ ሰዉም በዚያው ይጠራቸው ጀመር። እንግዲህ ይሄም የአማቴ ስም ሆነ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፍኩት። የማስተምርበት ክፍል በቅርቡ ይከፈታል፣ ብረቷ ግን ስም የላትም። ቶሎ አንድ ፈልግልኝ። አደራ፣ አባትህ የማይወዱት ይሁን!

ፈጣሪ ከዚያ አገር ብርድ ይሰውርህ፤ በጤና መልሶ ያገናኘን።

አስተማሪዋ ሚስትህ፣
አርሜ