ፍሪጇ የሚያንኮራፋባት ደንበኛ

ለናፈቅሽኝ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል? እኔ ደህና ነኝ። አንቺም እንደ ጉልበትሽ አኩርፈሽ ስልኬን አታነሺም፤ ስለዚህ በወረቀት ላውራሽ። ወረቀት ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

«ልጄ ቢሮ ነው የምትሠራው» ስትይ ኖረሽ፣ ጠረጴዛዬን ለቅቄ ቤቴ ስገባ እንደተባረርኩ ቆጠርሽው። «ሰው ፒጃማ ለብሶ ምን ሥራ ይሠራል?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ኧረ አለቃዬ በስክሪን ብቅ ስለሚል ከወገብ በላይ ሽክ ብያለሁ!

ሥራው ያው የድሮው ነው፤ ፍሪጅ ሻጩ ድርጅታችን የደንበኞችን ስልክ ወደ ቤቴ አዞረልኝ። በአልጋዬና በቁም ሳጥኑ መሀል ጠረጴዛ አስገብቼ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ሰው ፍሪጁን ሲያማ እሰማለሁ። ግድግዳ የምንጋራው ልብስ ሰፊዋ «አንቺ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቂው?» ትለኛለች።

አሁን ጉዱን ልንገርሽ። ጠዋት ጠዋት የምትደውል አንዲት ደንበኛ አለችን። ባልደረባዬ ካነሳ ትዘጋለች፤ «ሴትዮሽ ዛሬም ናቀችኝ» እያለ ይስቃል። እኔ ሳነሳ ግን ድምፅዋን ወፈር አድርጋ «ፍሪጄ ያንኮራፋል» ትላለች። «ከገዙት ስንት ዓመቱ ነው?» ስላት፣ «እሱን ተዪው፤ ምነው ድምፅሽ ሻከረ? መስኮት ከፍተሽ ነው የምትሠሪው?» ቁርስ በልቼ እንደሆነ ትጠይቃለች። ብቻዬን ውዬ እንዳይከፋኝ ትጨነቃለች። ሲያስላት ደግሞ «ሂድ ወዲያ!» ብላ ሳሏን ትቆጣዋለች። እኔ እኮ ሳሉን የሚቆጣ ሰው አንቺ ብቻ ትመስይኝ ነበር!

ማን ትሆን እያልኩ ስብሰለሰል፣ ትናንት «እናት የለሽም እንዴ?» አለችኝ። «አለችኝ፤ ተቀይማኛለች» አልኳት። «ተቀይማ ላይሆን ይችላል፤ ፈርታልሽ ይሆናል» አለችና ስለ ፍሪጁ አንድም ቃል ሳትጨምር ዘጋች።

እንግዲህ በድርጅታችን ደንብ ቅሬታ የሚዘጋው ሰው በአካል ሄዶ ሲያየው ነው። አድራሻዋን ስጠይቃት ደግሞ ወሬውን ታስቀይስብኛለች። ቅሬታዋ ይኸው ክፍቱን ተቀምጧል።

ምናልባት የምታውቂያት ከሆነ ንገሪልኝ፦ ቅዳሜ ስልክ አልቀበልም፣ ቤት ነኝ። መጥታ የምሠራበትን ጥግ በዓይኗ ትየው። የበሩ ደወል ተበላሽቷል፤ ደረጃውም ለጉልበት አይመችም። ከታች ሆና ትጥራኝ፣ እኔ ሮጬ እወርዳለሁ። በሥራ ላይ ስማችንን ስለማንናገር ስሜን ነግሬያት አላውቅም። ግን አታጣውም።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ሳልሽም ቁጣሽን ይስማ።

ባለፒጃማዋ ልጅሽ