ውሃው ሮዝ እስኪለቅ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1979፣ ማታ

ዛሬም ቢጫ። ከትናንቱ የባሰ ቢጫ። የመመርመሪያዋ ጠብታ ቱቦው ውስጥ እንዳረፈች ውሃው እርድ መሰለ። አሞኒያው እየወጣ ነው። ጥሩ ምልክት ነው። ጥሩ መሆኑን የማውቀው ግን በዚህ ከተማ እኔ ብቻ ነኝ።

አምፖሉን ቀየርኩ። አርባ ሻማ ነበር፣ ስልሳ አደረግሁት። ኮምቦልቻ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ለባሕር ውሃ ብርድ ነው። በገንዳው ማዕዘን መስተዋቱን የያዘው ስቱኮ አሁንም ያነባል። ጨርቅ ጠቀጠቅኩበት።

እትዬ ዘሀራ፣ ያከራዩኝ ሴትዮ፣ በሩ ላይ ቆመው አዩ። መስተዋት፣ ውሃ፣ ድንጋይ። ምን እያረባሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። ገና ምንም አልኳቸው። «ታዲያ ለምንም ነው መብራት የምታበሪለት?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሄዱ በኋላ ሳቁ ቶሎ አለቀብኝ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ስብሰባ ነበር። ቀረሁ። አሞኛል አልኩ። አላመመኝም።

ለአንተ ለደብተሬ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ኦዴሳ አምስት ዓመት ስለ ባሕር ተማርኩ። ስመለስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መደቡኝ። ላብራቶሪ። የቦይለር ውሃ እለካለሁ፣ የማቅለሚያ ውሃ እለካለሁ። ሦስተኛ ዓመቴ። ባሕሩ ከዚህ የአንድ ቀን የመኪና መንገድ ነው፣ እኔ ግን አንድም ጊዜ አልሄድኩም። ፈቃድ፣ ማለፊያ ወረቀት፣ ምክንያት። ምክንያቴን ምን ብዬ እጽፋለሁ? ናፈቀኝ?

ስለዚህ ባሕሩን በጀሪካን አስመጣሁት። የሚያመጣልኝ ጋሽ ሰይድ ነው፣ የአሰብ መስመር ሾፌር፣ የባቲ ሰው። የመጀመሪያው ጀሪካን ናፍታ ሸተተ፣ ደፋሁት። ሁለተኛው ንጹሕ ነበር። ድንጋዮቹንም በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣ። ገንዳውን የፋብሪካው በያጅ በትርፍ ብረት ሠራልኝ፣ መስተዋቱን ደሴ አስቆርጬ በሐረጎ ቁልቁለት ጭኔ ላይ ይዤ ወረድኩ። አየር መንፊያዋ ብቻ ከኦዴሳ በሻንጣዬ የመጣች ናት።

የባሕር ውሃ ስለቀዱ ባሕር አይሆንም። መጀመሪያ አንድ ነገር መበስበስ አለበት። ቁራጭ ዓሣ ጣልኩበት። ከብስባሹ አሞኒያ ይወጣል፣ መርዝ ነው። ድንጋዩ ላይ ያሉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ናይትራይት ያደርጉታል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ደግሞ ያንን ወደማይገድል ነገር ይለውጡታል። እስከዚያ ዓሣ ቢገባ ይሞታል። መጠበቅ ነው እንግዲህ።

ጥቅምት 24

ሮዝ! ናይትራይት! በሁለተኛው ቱቦ፣ በጣም ፈዘዝ ያለ፣ የሕፃን ጥፍር የመሰለ። ቢጫው ደግሞ ቀነሰ።

ላብራቶሪ ገብቼ አጠገቤ ለሚሠራው ነገርኩት። ይበላል ወይ አለኝ።

ማታ። የእትዬ ዘሀራ ልጅ ከድር ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። አንድ ልጃቸው ነው። ቀበሌው ስም ዝርዝሩን ከለጠፈ ጀምሮ ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። ዛሬ ልጆቹን በጭነት መኪና ወሰዷቸው። እናትየው አላለቀሱም። ገብተው በራቸውን ዘጉ። ሄጄ ላንኳኳ ተነሳሁ፣ ምን እላለሁ ብዬ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

ኅዳር 3

ከቀበሌ አንድ ሰው መጣ። በርሜልና ጀሪካን ታከማቻለች ብሎ የነገራቸው አለ። ነዳጅ መስሏቸው። የባሕር ውሃ ነው አልኩት። ጣቱን ነክሮ ቀመሰ፣ እንትፍ አለ፣ ከዚያ ገንዳው ፊት ቁጭ ብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ባሕር አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ጥፋተኛ መሆን አለመሆኔን ገና አልወሰኑም፣ ይታያል አለ። ሲወጣ ግን ዓሣ ሲገባ ልመልከተው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሮዙ ደምቋል። ውሃው ተኖ ጨው በዝቶበታል። የተጣራ ውሃ ከላብራቶሪ በጠርሙስ አምጥቼ ሞላሁ።

እትዬ ዘሀራ ይወጣሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ይገባሉ። ሰላምታ ብቻ። «አብሽሪ» ሲሉኝ ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣል። ማን ማንን ማጽናናት ነበረበት?

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ከቀትር በኋላ

ተናድጃለሁ።

ጋሽ ሰይድ ፊቱ በርቶ መጣ። የዱቄት ወተት ጣሳ ይዟል። ከፈተው። ሁለት ዓሣ። አውራ ጣቴን የሚያህሉ፣ ጥቁርና ነጭ ሸንተረር። ሚሌ ላይ፣ ባቲ ላይ እየቆመ ውሃውን በእጁ ሲያማታ ነው የመጣው፣ አየር እንዳያጥራቸው።

ናይትራይቱ ገና ጣራ ላይ ነው! ጮህኩበት። ሳትጠይቀኝ ለምን አመጣህ፣ መሞቻቸው እኮ ነው አልኩት።

ቆቡን አወለቀ። «ደስ ይልሻል ብዬ ነው፣ እህቴ። ሁልጊዜ ባዶ ውሃ ፊት ተቀምጠሽ ሳይሽ ከፋኝ።»

አብረን ከመኪናው ሁለት ጀሪካን የባሕር ውሃ አወረድን። ግማሹን ውሃ ቀድተን ጣልን፣ በአዲሱ ተካን። ሮዙ ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም። ከጣሳው ሌላ ማቆያ የለኝም። ለቀቅኳቸው። ጋሽ ሰይድ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ይቅርታ አላልኩትም።

ኅዳር 15

አንዱ ሞቷል። ጠዋት ድንጋዩ ሥር ጎኑን አጋድሞ አገኘሁት። ሌላው አለ። ጉንጩ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ወደ ሥራ ሄድኩ። የቦይለሩን ውሃ ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ ሁለቴም ተሳሳትኩ።

ኅዳር 16

መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፋ። ፋብሪካው ቆመ፣ እኛን ግን አለቀቁንም። ስለ አየር መንፊያዋ እያሰብኩ ተቀመጥኩ። አልቆለታል አልኩ። እየሮጥኩ መጣሁ።

የክፍሌ በር ክፍት ነው። እትዬ ዘሀራ ገንዳው ፊት በርጩማ ላይ። እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው እርጥብ። በጣሳ ከገንዳው ይቀዳሉ፣ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሳሉ። ይቀዳሉ፣ ያፈሳሉ። ዓሣው አለ።

መቼ እንደጀመሩ ጠየቅኳቸው።

«ከዙሁር ሶላት በፊት ነው። ያ የሚንቦጫቦጨው ዝም ሲል ፈራሁ። አየር ይፈልጋል ስትዪ ሰምቼሻለሁ።» ዓይናቸውን ከውሃው አላነሱም። «ከድርም ሕፃን ሳለ ደረቱን ያፍነው ነበር። ደግፌው አድር ነበር። አሁን ማን ይደግፍልኛል፣ ያረቢ?»

ጣሳውን ከእጃቸው ልቀበል ብል እንቢ አሉ። ሌላ ጣሳ አመጣሁ። መብራት እስኪመጣ ሁለታችንም ቀዳን። ስለ ከድር ብዙ ነገሩኝ። እኔም የማልናገረውን ተናገርኩ። ሦስት ዓመት አንድ ግቢ ስንኖር ስሜን በትክክል የጠሩት ዛሬ ነው። ጽጌ አሉኝ። እስከ ዛሬ «አስተማሪዋ» ነበርኩ። አስተማሪ ሆኜ አላውቅም።

ታኅሣሥ 2

ጠራ። ሁለቱም ቱቦ እንደ ምንጭ ውሃ። አሞኒያ የለም፣ ናይትራይት የለም። ሁለተኛ ለካሁ፣ ጠራ። ዓሣው ይበላል፣ ከድንጋይ ድንጋይ ይሮጣል፣ ጣቴን ሳስጠጋ ይቆጣል። መስተዋቱ ላይ ቡናማ አልጌ ጀምሯል። ይህም ጤና ነው።

እትዬ ዘሀራን ጠርቼ አሳየኋቸው። ማሻአላህ አሉ። የቀበሌው ሰውም መጥቶ አየ። ስለ በርሜሉ ምንም አላነሳም።

ለጋሽ ሰይድ መንገር ፈለግሁ። አልመጣም።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

አሁንም አልመጣም። የከባድ መኪና ጥሩምባ ስሰማ እወጣለሁ። አስፋልቱ ዳር እቆማለሁ። ሌላ ሰው ነው። የመስመሩን ሾፌሮች ጠየቅሁ። መኪናውን ከነሾፌሩ ለወታደር ማጓጓዣ ወስደውታል አሉ፣ ወደ ሰሜን። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

በመጨረሻ ለእሱ ያልኩት ቃል መሞቻቸው የሚል ነው።

የባሕር ውሃ አልቋል። ብርድ። እትዬ ዘሀራ ደጋን ከተማ ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል። ግቢው ውስጥ እኔና ዓሣው። እሱም ብቻውን ነው። ድንጋዩ ጀርባ ይገባና ይቀራል፣ እስኪወጣ እጠብቃለሁ።

ጥር 5

ጋሽ ሰይድ መጣ! ከስቷል። ፂሙ ሸብቷል። አራት ጀሪካን አወረደ። የት እንደነበረ ጠየቅኩት፣ «ተይው» አለ። አንዱ ዓሣ እንደሞተ ነገርኩት፣ ይቅርታም አልኩት። «ስለ ሞተው ዓሣ ነው? እኔ ሰው ሲሞት አይቼ መጣሁ» አለ። በሕይወት ያለውን ሲያይ ግን ፈገግ አለ። ሻይ ጠጣ።

ጥር 7

የፋብሪካው ፐርሶኔል ቢሮ ጠራኝ። ምጽዋ፣ የዓሣ ሀብት መ/ቤት፣ የባሕር ባለሙያ ይፈልጋሉ። ስሜ ተገኝቷል። ሰኞ መልስ ስጪ ተባልኩ።

በደስታ መዝለል ነበረብኝ። ወጥቼ ቦይለሩ አጠገብ ቆምኩ።

ጥር 8

ለእትዬ ዘሀራ ነገርኳቸው። «ኸይር ነው» አሉ። ገቡ። በሩን ዘጉ። ማታ ዓሣውን ሊያዩ አልመጡም። መብራት ከጠፋበት ቀን ወዲህ፣ ግቢ እያሉ የቀሩበት ምሽት ይህ የመጀመሪያው ነው።

እምቢ እላለሁ። አይ፣ እሄዳለሁ። እዚህ ማን አለኝ? አንድ ሰው አለኝ። እዚያ ማን አለኝ? ባሕር። ባሕር ደግሞ አያናግርም።

ጥር 10፣ እሑድ

እትዬ ዘሀራ ጠዋት ሳያንኳኩ ገቡ። በርጩማቸውን ይዘው። ገንዳው ፊት ተቀመጡ።

«ሂጂ» አሉኝ። «ወላሂ ሂጂ፣ የተማርሽበት ነው። ዓሣውን ግን አልሰጥሽም።»

ልወስደው አላሰብኩም አልኳቸው። መንገድ ላይ ይሞታል።

«ከዚህ ግቢ የሚወጣው በዛ፣ ጽጌ። አንድ የሚቀር ይኑር።»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። እጃቸውን ዘርግተው ጠብታውን አምጪ አሉ። አሳየኋቸው። ማንበብ አያስፈልግም፣ ቀለሙን ማየት ነው። ቢጫ ከሆነ፣ ሮዝ ከሆነ። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። ጠርቷል አሉ። ልክ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ውሃውን ያመጣል፣ እሺ ብሏል።

ነገ ጠዋት ፐርሶኔል ቢሮ ገብቼ እሄዳለሁ እላለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ግን ጊዜ ስጡኝ እላለሁ። ውሃ አቀያየር ገና አላስተማርኳቸውም።