ከአባባ ደረት ላይ ያነሳሁት እጅ

መጋቢት 9፣ ረፋድ

ሽንኩርቱን አርመን መመለሳችን ነው። ሐይቁ ዛሬ ረግቷል። አባባ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብሎ አረፈ፣ ደረቱን እያሸ። ጨጓራዬ ነው ይላል። ጤ/ጣቢያ እንሂድ አልኩት። ሽንኩርቱ ይነሣና አለኝ። ኩዌት በነበርኩባቸው ዓመታት የሚጨቀጭቀው አልነበረም። አሁን መጥቻለሁ፣ አይሰማኝም። ደብተሬ፣ ነገም እጨቀጭቀዋለሁ።

መጋቢት 11

አባባ ሞተ።

ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

መጋቢት 15፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ለቅሶ ደራሹ ቀነስ አለ። እናቴ ጋደም ብላለች። ደብተሬ፣ ላንተ ልንገርህ፣ ለሰው አልተናገርኩትም።

ከማሳው ስንወጣ ነው የወደቀው። ከኋላው ነበርኩ። ጠራሁት፣ አይሰማም። ትንፋሽ የለም። ተንበርክኬ ደረቱን መጫን ጀመርኩ። ያስተማረኝ የለም። ኩዌት ሳለሁ የአሠሪዬ የማዳም አባት ትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ሲወድቁ ያየሁትን ነው። ጥበቃው፣ ኔፓላዊ ነው፣ ሮጦ መጥቶ ደረታቸውን ተጫነ። አንዷ ሻጭ ከግድግዳው ላይ ሣጥን አውርዳ አመጣች። ከውስጡ ያወጡትን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። መሣሪያው በዐረብኛ ተናገረ፣ በኤሌክትሪክ ሲመታቸው ገላቸው ተፈናጠረ። አምቡላንሱም ወዲያው ደረሰ። በወሩ ሽማግሌው ቤታቸው ተቀምጠው ሻዩ ስኳር አነሰው ብለው ይቆጡኝ ነበር።

አባባን ስጫነው የጎድን አጥንቱ ቀጭ አለ። ደነገጥኩ። አላቆምኩም ግን። ያኔ ጎረቤታችን ሼህ እንድሪስ ደረሱ። የአባባ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ትከሻዬን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ። "ተይው ልጄ፣ አታሰቃዪው። ሸሃዳ ይባልለት" አሉኝ።

እጄን አነሳሁ።

በባጃጅ ጤ/ጣቢያ አደረስነው። የጤ/ጣቢያው አምቡላንስ በጦርነቱ ጊዜ እንደሄደ ቀርቷል። ቢኖርም እንጃ። አባባ እኮ ቀዝቅዞ ነበር።

መጋቢት 21

አልቻልኩም፣ ጤ/ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷን ሲስተር አልማዝን ጠየቅኋት። እጄን ባላነሳ ይተርፍ ነበር? በሩን ዘጋችው። ምናልባት አለች። ቀጥላ ያስረዳችኝ ይኼን ነው፦ ልብ ቀጥ ሲል አጠገብ ያለው ሰው ደረቱን ይጫናል፣ ሌላው ይደውላል፣ መሣሪያው ልቡን ያስነሳዋል፣ ሆ/ል ይቀበለዋል። ይኼ ሁሉ የተሟላበት ከተማ ብዙ ሰው ይተርፋል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መሣሪያ ድሮም አልነበረም። የነበረውንም ኦክስጅን ጦርነቱ ወሰደው። ደሴ እስኪደረስ ደግሞ ሰዓቱ ያልፋል።

"ከዚህ ሁሉ ማሳው ላይ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ" አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን ቤት እስክደርስ አለቀስኩ። የማዳም አባትና አባባ እኩያ ነበሩ። አንዱ የወደቀው እዚያ፣ አንዱ እዚህ። እዚህ የነበረችው አንዲቷም ተይው ሲሏት ተወች።

ሼህ እንድሪስን መንገድ ላይ አየኋቸው። ሰላም ሳልል አለፍኩ። አባባ ቢያይ ያፍርብኝ ነበር።

መጋቢት 27፣ ቀትር

ሼህ እንድሪስ መጡ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ አሉ። ጤ/ጣቢያ መሄዴን ሰምተዋል።

"ዘሃራ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ?"

አጀሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው አልኳቸው።

"አጀሉማ የአላህ ነው። አንቺን የጎተተችው እጅ ግን የኔ ናት።"

ቂሜ አልወጣልኝም። እሳቸው ግን እስቲ አጫጫኑን አሳዪኝ አሉ። ከረጢት ገለባ ሞልቼ አመጣሁ። ለሶላት እንደሚቀመጡ ተንበረከኩ። መዳፋቸውን አነባብሬ አስያዝኳቸው። ተጫኑ። ላባቸው ከእንባቸው ጋር ይወርዳል።

"እስከ መቼ ነው?"

አምቡላንስ እስኪመጣ ልል ነበር። "የሚተካዎት ሰው እስኪመጣ" አልኳቸው።

እንግዲያው የሚተካውም ይማራ አሉ። ሐሙስ መስጊዱ ግቢ ሰው ይሰበስባሉ። ሲስተር አልማዝ መጥታ ታሳያለች፣ እኔ አግዛታለሁ።

እናቴ ግን እጄን እንዳነሳሁ አታውቅም። ሐሙስ ከሰው አፍ እንድትሰማው አልፈልግም። ዛሬውኑ ልነግራት ነው። ስነግራት ምን እንደምትለኝ አላውቅም፣ ብቻ እነግራታለሁ። ጋደም ካለችበት ነቅታለች። ዘሃራ እያለች ነው፣ ልሂድ