እርስዎ ይቅደሙ

ውድ ክሪስፒን፣

አሳማዎችህ እንዴት ናቸው? እዚህ ላይኛው ምክር ቤት፣ አንተ ታንቀላፋበት በነበረው ቀይ ወንበር ላይ አንድ የቀድሞ የባንክ ሹም ተቀምጧል። የሚታደለውን ወረቀት ሁሉ ያነባል፤ አንድ ቀን እንኳ አላንኮራፋም። በጣም ናፍቀኸናል።

የምክር ቤት ወንበር ከአባት አይወረስም የሚለውን፣ አንተን ያስወጣህን ሕግ ደግፌ ድምፅ እንደሰጠሁ ታውቃለህ። ዛሬም ቢመጣ እሰጣለሁ። እኔ እዚህ ስሾም ቤቱን ላፈርስ ምዬ ነበር፤ ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ሳፈርስ አንድ ምሳ አላመለጠኝም። አንተን ያስገባህ ቅድመ አያትህ ለንጉሡ ያዋሱት ፈረስ ነው። «ፈረሱስ ተመለሰ?» ስልህ፣ «ቢመለስማ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ትለኝ ነበር።

ስለዚያ ማክሰኞ ግን ሳንነጋገር ወጣህ።

የመድኃኒት ጥንቃቄ ሕጉ በታችኛው ምክር ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ ጸድቆ መጣልን። «መድኃኒት በሚቀመጥበት ሕንፃ ውስጥ እንስሳ አይኑር» ይላል። ማን ይቃወመዋል? አንተ ብድግ ስትል ያመመህ መስሎን ነበር።

«ክቡራን፣ እህቴ ሄስተር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናት» አልክ። «የእኔን ስም ረስታለች። የድመቷን ስም አልረሳችም። መጦሪያው ውስጥ ደግሞ መድኃኒት አለ።» ከዚያ መጦሪያዎች ከሕጉ ይውጡ የሚል ማሻሻያ አቅርበህ ተቀመጥክ።

ደወሉ ተደወለ። ደጋፊ በአንዱ ኮሪደር፣ ተቃዋሚ በሌላው ሊያልፍ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ በሮቹ ይቆለፋሉ። የመንግሥትን ወገን ለድምፅ የምነዳው እኔ ነኝና፣ ሽማግሌውን ሎርድ ሞርዳንትን ከሻይ ቤት አስነሥቼ እያጣደፍኩ መጣሁ። አንተ ድምፅህን ቀድመህ ሰጥተህ፣ የእኛን የተቃዋሚዎቹን በር ከፍተህ ይዘህልን ነበር።

«ይቅደሙ እመቤቴ» አልከኝ፣ ጎንበስ ብለህ።

«ሎርድ ሞርዳንት ይቅደሙ፤ በዕድሜ ይበልጡኛል።»

«ሴት ቆማ? በሞቴ!» አሉ ሞርዳንት፣ ምርኩዛቸውን ተክለው።

«ኧረ እግርዎን ያምዎታል፣ ይግቡ!» አልኩ።

«እግሬን ማን አለዎት? የሚያመኝ ወገቤ ነው።»

«ወገብ ከሆነማ መቆም አይገባዎትም» አልክ አንተ፣ በሐዘኔታ።

«ስለ ወገቤ የሚያዝንልኝ ሰው አልፈልግም! እሷ ካልገባች ንቅንቅ አልልም!»

በሩ ተቆለፈ። ማሻሻያህ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ።

በማግሥቱ አለቃዬ አስጠራኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው የምትነጂው አንቺ፣ በሩ እንዴት ተቆለፈብሽ?»

«በጨዋነት» አልኩት። ለእንዲህ ያለ ጥፋት የሚሞላ ቅጽ አልተገኘም።

ታችኛው ቤትም ማሻሻያህን እያጉረመረመ ተቀበለው። እኔ አሁንም የዚህ ቤት ሰው በሕዝብ ይመረጥ እላለሁ። አንተ «ተመራጭ ስለ ድመት ይናገራል?» ትላለህ። ድመት ያላቸውም እኮ ይመርጣሉ! ይህን ክርክር ሳንጨርሰው ነው የሸኘንህ።

እሑድ ሄስተርን ልጠይቃት እመጣለሁ። ድመቷ አሁንም ጉልበቷ ላይ እንደምትተኛ ሰምቻለሁ። መጦሪያው በር ላይ ጠብቀኝ። በሩን ይዘህ «ይቅደሙ» ብትለኝ፣ ያለ አንድ ቃል ክርክር ዘው እላለሁ። ይህን ማሻሻያ ብቻዬን አጽድቄዋለሁ።

ማፍረሷን ያላቋረጠችው፣
ግሌኒስ